እንደ ራሴ የሚሆነው ማን ነው?

በየቀኑ ከአፋችን የማይለዩ፣ ነገር ግን ውስጣቸውን ገልጠን የማናያቸው ቃላት አሉ። ከእነዚህም አንዱ «እንደራሴ» የሚለው ቃል ነው። ስንጽፈው አንድ አድርገን እናያይዘዋለን እንጂ በውስጡ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «እንደ» እና «ራሴ»። አንድ ሰው ሌላውን «እንደራሴ» ብሎ ሲሾም፣ «እኔ በሌለሁበት ቦታ ይህ ሰው እንደ እኔ ሆኖ ይቁም፤ እርሱ ያየው እኔ እንዳየሁት፣ እርሱ የተናገረው እኔ እንደ ተናገርሁት ይቈጠር» ማለቱ ነው። ይህ ከባድ አደራ ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ ባል ለሚስቱ እንኳ እንደ ራሱ መሆን ሲቸግረው እያየን፣ በሺህና በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አንድን ሰው «እንደ ራሴ» ብሎ ሲልክ የሚፈጸመው ነገር ምንድን ነው? ይህ ጽሑፋችን ያንን ለመመርመር የታሰበ ነው።

ቃሉ አስቀድሞ የቤተ መንግሥት ቃል ነበር። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ ጊዜ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለው መሾማቸው የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን «እንደ ራሴ» ባዩ ከላይ ያለው ነበር፤ ቃሉም ከዙፋን ተነሥቶ ወደ ታች ይወርድ ነበር። በኋላ ግን ይኸው ቃል በሕዝብ ለተመረጠው የምክር ቤት አባል መጠሪያ ሲሆን መንገዱ ተገለበጠ። «እንደ ራሴ» የሚለው ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባልቴቲቱ ሆኑ። አንድ ቃል እንዲህ አቅጣጫውን ሲለውጥ በዓይን የማይታይ ታላቅ ነገር ተደርጓል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቃል መለወጡና ሰው መለወጡ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

የእንደራሴ ምርጫ ወደ አገራችን የመጣው በሁለት እርምጃ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ስለ ሕግ መምሪያው አባሎች አመራረጥ ግን ሕጉ አንድ ገደብ አኖረ፤ ይኸውም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ለጊዜው መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይምረጡ የሚል ነበር። ሁለተኛው እርምጃ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህኛው ሕግ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሚኖርበት ወይም ዘወትር በሚገኝበት የምርጫ ክልል ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ። አገሪቱ እያንዳንዳቸው 200,000 ያህል ነዋሪ ባላቸው ክልሎች እንድትከፈል፣ እያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎች እንዲልክ፣ ከ30,000 የሚበልጥ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ደግሞ የራሳቸው እንደራሴ እንዲኖራቸው ተወሰነ። ምርጫውም በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመስከረም ወር ተደረገ። ከተመረጡትም መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በምክር ቤቱ ለመቀመጥ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ።

እንግዲህ «እስኪበቃ ድረስ» ከሚለው ቃል እስከ መስከረም 1950 ዓ.ም. ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። ከዚያም ውስጥ አምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ በቅቷልን? በቅቶስ ከሆነ የበቃው በምን ነው? አልበቃም ከተባለስ በቃ ወይም አልበቃም ብሎ ለመፍረድ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያስበው ሰው መልሱ የቀለለ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ አሳባችንን ወደ ድንበር ወስደን እንድንመረምረው አንባቢዎቻችንን እንጋብዛለን።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው የመተማ ቆላ ይደርሳል። ይህ አገር ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ያሉበት አገር ምዕራብ ጎንደር ዞን ተብሎ ዋና ከተማውም ገንደ ውሃ ነው። በ1950 ዓ.ም. ግን መተማ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት በጭልጋ አውራጃ ውስጥ ነበረች። ሕዝቡም ከአንድ ወገን የመጣ አይደለም። ከደጋ የወረደ ዐማራ አለ፤ በጭልጋ በኩል የኖረ ቅማንት አለ፤ በቆላው ጫካና ወንዝ ዳር የሚኖር ጉሙዝ አለ፤ የአያቶቹ አያቶች ወደ መካ ለመሳለም ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነሥተው በዚሁ የቀሩ ተክሩር አለ። ድንበሩን ተሻግሮ ከሱዳን ጋር የሚነግደውም ብዙ ነው፤ መተማንና የሱዳኑን ገላባትን የሚለያቸው አንድ ትንሽ ወንዝ ብቻ ነውና።

መስከረም በደጋ የአደይ አበባ ወር ነው። በቆላ ግን ዋልካው ገና ስላልጠና የበቅሎ እግር የሚይዝበት፣ ጓንግና ሽንፋ ከክረምቱ ሙላት ገና ያልጎደሉበት፣ ከሁሉም ይልቅ ንዳድ የሚነሣበት ወራት ነው። የጥንት ደገኛ ነጋዴ በጋ ሳይገባ ወደዚያ መውረድን ይፈራ ነበር። ስለዚህ በመስከረም ምርጫ ሲደረግ፣ ድምፅ የሚሰጠውም ሆነ ድምፅ የሚቀበለው ሰው በቆላ ምን ያህል ድካም እንደሚጠብቀው ማሰብ አይቸግርም። ቀኑን የሚቈርጠው በደጋ ያለው ነው፤ ጭቃውን የሚሻገረው ቆለኛው ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ፣ አንድ ሕግ ለሁሉም እኩል ተጽፎ ለሁሉም እኩል የማይደርሰው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

መተማ ከዚያ በፊት በታሪክ ስሟ የሚነሣው በደም ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህ ቦታ ነው፤ የድንበሩ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ መባሉም ስለዚህ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የኢጣልያ ጦር በመተማና በገላባት መካከል ተታኰሱ። ከዚህም ሌላ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መተማ የታወቀች የጠረፍ ገበያ በነበረችበት ጊዜ ከቡናውና ከሰሙ ጋር ሰው ይሸጥባት ነበር። ለዚህ ንግድ ከሚታደኑትም መካከል የቆላው ጉሙዝ ይገኝበታል። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን እስከ መጀመሪያው ምርጫ ያለፈው ጊዜ ከ15 ዓመት እምብዛም አይበልጥም።

ይህን ቍጥር ቆም ብለን ልንመለከተው ይገባናል። በ1950 ዓ.ም. ዕድሜው 21 የሞላው ወጣት፣ አዋጁ ሲወጣ የ6 ዓመት ልጅ ነበረ። ሰው በዋጋ ይቈጠርባት በነበረችው አገር አሁን ሰው በራስ ይቈጠር ተባለ። ቀድሞ ንጉሡ ሲወድቅ አብሮ የወደቀው፣ ጦር ሲያልፍ እህሉን ያጣው፣ ገበያ ሲቆም ልጁን የተሰረቀው ያ ሕዝብ ደሙንና ግብሩን ተጠይቆ ያውቃል፤ አሳቡን ግን ተጠይቆ አያውቅም ነበር። አሳቡን መጠየቅ በመጀመሩ ብቻ አንድ የሰውነት ክብር ተሰጥቶታል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ «ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል?» የሚሉትን ሰዎች አሳብ ንቀን ልናልፈው አይገባም፤ ክርክራቸው ጥንካሬ አለውና። የሚሉት እንዲህ ነው። ሕግ የሚያወጣ ሰው መምረጥ ሕግ ምን እንደ ሆነ ማወቅን ይጠይቃል። ማንበብ የማይችል ሰው የተወዳዳሪውን አሳብ የሚያገኘው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ከሌላ አፍ የሚሰማ ደግሞ ለተንኰለኛ የተጋለጠ ነው። ባለ መሬቱ ወይም ጭቃ ሹሙ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶ እርሱም ወደዚያው ያዘነብላል። እንዲህ ያለው ምርጫ የአንዱን ጌታ ድምፅ በሺህ ማባዛት እንጂ የሺውን ሰው ድምፅ መስማት አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ለዚህ ክርክር የምንሰጠው መልስ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ ዋና በደረቅ መሬት የተማረ ሰው የለም የሚል ነው። መምረጥም በመምረጥ ይለመዳል፤ ተሳስቶ የመረጠ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይጠነቀቃል፤ ከቶ ያልመረጠ ግን የሚታረምበት ስሕተት እንኳ የለውም። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ አልበቃም ብሎ የሚፈርደው ዳኛ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚፈርደው ሕዝቡ የበቃ እንደ ሆነ ሥልጣኑ የሚጎድልበት ሰው ነው። በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠን ሰው ፍርድ ደግሞ የትኛውም አገር ልማድ አይቀበለውም።

ሦስተኛው መልስ ከሁለቱም የሚበልጥ ይመስለናል። ያ ማንበብ የማይችለው ቆለኛ መምረጥን ከምርጫ ሳጥን አልተማረውም፤ ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው። ዕቁብ ሲጣል ገንዘቡን የሚይዝ ዳኛ ይመርጣል። ደቦ ሲወጣ ሥራውን የሚያስተባብር ሰው ይመርጣል። የሲራራ ነጋዴ ከመተማ ወደ ጎንደር ሲነሣ ሽፍታና ውሃ ጥም ባለበት መንገድ ነፍሱንና ዕቃውን የሚያምነው የመንገድ አለቃ ይመርጣል። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ልጃቸው የሞተበትን ጉዳይ የሚሰጡት ሽማግሌ ይመርጣሉ። የልጁን ደም የሚዳኝለትን ሰው መርጦ የሚያውቅ ሰው፣ እንደራሴ ለመምረጥ አእምሮ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል?

ነገር ግን እውነትን ለመናገር ከተነሣን በዚህ ላይ ማቆም አንችልም። በሽማግሌውና በእንደራሴው መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ሽማግሌውን መራጩ ያውቀዋል፤ በልቅሶ ቤት አይቶታል፤ በክፉ ዘመን እህሉን ሲያካፍል ወይም ጎተራውን ሲዘጋ አይቶታል። ሽማግሌው ፍርድ ቢያጣምም ነገ በወንዙ ዳር፣ በከነገ ወዲያ በገበያው ይገናኙታል፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። እንደራሴው ግን 900 ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል። የተናገረውን መራጩ አይሰማም፤ ዝም ያለበትንም አያውቅም። አራት ዓመት ሲያልፍ ተመልሶ ቢመጣ ምን ሠራህ ብሎ የሚጠይቀው ያ ሰው በምን መረጃ ይጠይቀዋል?

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። ብቃት የሚባለው ነገር በመራጩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ብቃት በመራጩና በተላከው ሰው መካከል ያለው መንገድ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ማለትም ወሬ በቀናነት የሚወርድበትና አቤቱታ ሳይጠመዘዝ የሚወጣበት ከሆነ፣ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ በቂ መራጭ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ግን የተማረውም ሕዝብ እንደ ዕውር ይመርጣል። ስለዚህ «ሕዝቡ በቅቷልን?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ግማሽ «በመካከል የቆምነው እኛስ በቅተናልን?» የሚል ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ፈተና አልፈዋል። ሕንድ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1944 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ስታደርግ ከ173 ሚሊዮን የማያንስ መራጭ መዝግባ ነበር፤ በዚያ ጊዜ በዚያች አገር ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአምስት ሰው አንድ አይሞላም ነበር። ችግሩን ያቃለሉት ለየተወዳዳሪው ምልክት በመስጠትና የየራሱን ሳጥን በማኖር ነው። አንድ ችግር ግን በምልክት የሚፈታ አልሆነም። ብዙ ሴቶች ለመዝጋቢው ስማቸውን መናገር አልፈቀዱም፤ «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» ብቻ አሉ። የምርጫው ኃላፊ ሱኩማር ሴን ስም የሌለው ሰው በመዝገብ አይገባም ብለው ስለ ወሰኑ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ከመራጭነት ተሰረዙ። ውሳኔው የጨከነ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ እውነት ገልጧል። ሰው «እንደ ራሴ» ብሎ ሌላውን ከመላኩ በፊት «ራሴ» የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። በእኛም አገር ስንት እናቶች በልጃቸው ስም ብቻ ሲጠሩ ኖረው እንዳለፉ እናውቃለን።

እኚሁ ሱኩማር ሴን በ1946 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተጠርተው የዚያችን አገር የመጀመሪያ የፓርላማ ምርጫ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። እንግዲህ ከመተማ ትንሽ ወንዝ ማዶ ያለው ሕዝብ ከእኛ አራት ዓመት ቀድሞ ድምፅ ሰጥቷል፤ ፓርቲዎችም ነበሩት፤ በእኛ ምርጫ ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። በአንድ ነገር ደግሞ የእኛ ሕግ ቀደመ። በሱዳን ከጥቂት የተማሩ ሴቶች በቀር ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1957 ዓ.ም. ነው። በሥልጣኔ የታወቀችው ስዊዘርላንድ እንኳ ይህን መብት በአገር አቀፍ ምርጫ ለሴቶች የፈቀደችው በ1963 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የመተማዪቱ ባልቴት ከጄኔቫዪቱ እመቤት 15 ዓመት ያህል ቀድማለች። በወረቀት ላይ ማለታችንን አንባቢ ያስተውል፤ መብት በወረቀት ሲጻፍ ይወለዳል እንጂ አያድግም። ሱዳንም ቀድማ ብትመርጥ በኅዳር 1951 ዓ.ም. ጦር ሠራዊቷ መንግሥቱን ያዘና ፓርላማው ተዘጋ። መቅደም ብቻውን መጽናት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስና፣ ፊደል የቈጠርን ሁሉ የምናውቀውን አንድ ነገር እናንሣ። ተማሪ ሳለን ጎረቤቶቻችን ደብዳቤ ያስጽፉን ነበር። አንዲት እናት በሩቅ አገር ላለ ልጃቸው እንድንጽፍላቸው ጠርተውን፣ «ሻሽ ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ወይፈን ናት በለው» አሉን። እኛም ይህ ለደብዳቤ የማይገባ ተራ ነገር መስሎን ተውነውና፣ ስለ ሰላምታውና ስለ ናፍቆቱ በትምህርት ቤት በተማርነው ያማረ ቃል ሁለት ገጽ ሞላን። አንብበን ስናሰማቸው እናትዬዋ በቃሉ ማማር ተደንቀው መረቁን። ልጁ ከወራት በኋላ ሲመጣ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «የላሟን ነገር ለምን አልጻፋችሁልኝም? ወልዳ እንደ ሆነ ባውቅ ወተቱ አለ ብዬ ለእህል የላክሁትን ገንዘብ ለሌላ ነገር ባዋልሁት ነበር» የሚል ሆነ። እኛ ያሻሻልን መስሎን የሰረዝነው፣ ከተናገሩት ሁሉ ዋናው ቁም ነገር ኖሯል።

ያን ቀን ያፈርነው እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ምክንያቱም አልዋሸንም ነበር። ያልተናገሩትን ክፉ ነገር አልጨመርንም፤ ለገንዘብም አላደረግነውም። ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእርሳቸው አሳብ ከእኛ አሳብ ያነሰ መሰለን። የእንደራሴ ሁሉ፣ የጸሐፊ ሁሉ፣ የሹም ሁሉ ጥልቅ ፈተና ይህ እንጂ ጉቦ ብቻ አይደለም። ጉቦ የሚበላ ሰው ክፉ መሥራቱን ያውቃል። የሰውን ቃል አሻሽሎ የሚያቀርብ ግን በጎ የሠራ እየመሰለው የሰውየውን «ራሴ» አውጥቶ የራሱን «ራሴ» በቦታው ያኖራል። ማንበብ የማይችል መራጭ ወደ ምርጫ ጠረጴዛ ቀርቦ «እዚህ ላይ ጻፍልኝ» ሲል፣ በዚያች ቅጽበት ነጻነቱ ሁሉ በአንድ ጸሐፊ ጣቶች መካከል ነው። ያ ጸሐፊ የተባለውን ከመጻፍ በቀር ሌላ ጥበብ ሊኖረው አይገባም።

የዚያ ዘመን ምክር ቤት በዚህ ረገድ ምን እንደ ሆነ በሚዛን መናገር ይገባል። ሕጉ መምረጥን ለሁሉም ሲሰጥ መመረጥን ግን ዕድሜው 25 ዓመት ለሞላውና በክልሉ ንብረት ላለው ሰው ብቻ ሰጠ። እንግዲህ መሬት የሌለው ጭሰኛ «እንደ ራሴ» ብሎ ሊልክ ይችላል፤ ነገር ግን ሊላክ የሚችለው እንደ ራሱ ያልሆነ ሰው ነው። ከዚህ የተከተለውን ታሪክ መዝግቦታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በምክር ቤቱ አልፎ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ በመሣሪያ ተቃወመው፤ በእንደራሴዎቹ በኩል ያልወጣው ድምፅ በጠብመንጃ አፍ ወጣ። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሻሽለው የሕግ ረቂቅ ደግሞ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ዓመታት ቢያልፉም ሕግ ሳይሆን ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ምክር ቤቱም ተበተነ። የመሬቱንም ነገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች በአዋጅ ቈረጡት። በምክክር ሊፈታ ይገባው የነበረው ጉዳይ በትእዛዝ ተፈታ፤ በትእዛዝ የተፈታ ነገር ደግሞ ያዘዘውን ሰው እንጂ የታዘዘውን ሰው አያስተምርም።

ስለዚህ የ1950ው ምርጫ ከንቱ ነበር ልንል ነውን? እንዲህ አንልም። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር የተነሣ መንግሥት ሁሉ፣ ወታደርም ይሁን ሌላ፣ የሕዝብን ድምፅ አልፈልግም ለማለት አልደፈረም፤ ምርጫን ሲያበላሽ እንኳ በምርጫ ስም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመራጩን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የንብረትንም ገደብ አላኖረም። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ደግሞ በጸጥታ ጉድለት ድምፅ ያልተሰጠባቸው ክልሎች መኖራቸው፣ ጭቃው ከመንገዱ ገና ያልጠፋ መሆኑን ያሳያል። የቀድሞው ጭቃ ዋልካ ነበር፤ የኋለኛው ጭቃ ደም ነው። ሁለቱም ድምፅ ሰጪውን ከሳጥኑ ይለዩታል።

በመጨረሻም ከ1948ቱ ሕግ አንድ ሐረግ አንሥተን እንድንሰናበት ይፈቀድልን። ሕጉ መራጩን «የሚኖር» ብቻ ሳይሆን «ዘወትር የሚገኝ» ጭምር ብሎታል። የመተማና የቋራ ቆላ ዛሬ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ክረምቱ ሲገባ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ሲሆን ለአጨዳ፣ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ጊዜው ካለፈበት ከእንክብሉ ይረግፋልና የአጨዳው ሥራ ለነገ አይባልም። ያ ሠራተኛ ባላደገበት አገር ላቡን ያፈስሳል፤ ባደገበት አገር ደግሞ በዚያ ወራት አይገኝም። እርሱን «እንደ ራሴ» ብሎ የሚናገርለት የትኛው እንደራሴ ነው? የደጋው ነውን ወይስ የቆላው? የቀድሞው ሕግ አውጪ ይህን ሰው አስቦ ይሁን ሳያስብ ለእርሱ የሚሆን በር ክፍት ትቶ ነበር። በሩ መኖሩን ለዚያ ሠራተኛ የሚነግረው ግን ሕጉ ራሱ አይደለም፤ ሕጉን ማንበብ የሚችል ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብቡት ባለ ሥልጣኖች፣ መምህራንና ተማሪዎች ሁሉም በመንገዱ መካከል የቆሙ ሰዎች ናቸው። ከበታቻቸው ያለውን ቃል ወደ ላይ ያደርሳሉ፤ ከላይ የመጣውን ቃል ወደ ታች ያወርዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የሕዝብ ድምፅ ኃይሉ በመተባበሩ ነው፤ ክሩን የሚፈትሉትና የሚያገናኙት ግን እነዚህ በመካከል ያሉት ናቸው። ስለዚህ ገበሬ ማመልከቻ ሲያስጽፍ፣ ባልቴት በቢሮ በር ቆማ ጉዳይዋን ስትናገር፣ ቆለኛ በማናውቀው አነጋገር አቤት ሲል፣ ነገሩን ከማሳመራችን በፊት ነገሩን እንስማ። ከተናገሩት ውስጥ ተራ የመሰለን ነገር ካለ፣ ምናልባት የላሟ ነገር እርሱ ይሆናልና፣ እንዳለ እንጻፍላቸው።